ሰባት ሰው፣ አንድ የተሰበረ እግር

ማክሰኞ ታኅሣሥ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቡራዩ ውስጥ በሚገኘው የጋሽ በሪሁን የውል መጻፊያ ክፍል ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም። በሩ ክፍት ነው። ወደ አስፋልቱ የሚያየው መስኮት አራቱም መስታወቶቹ ሙሉ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር፣ የአሻራ ቀለምና አንድ ወፍራም ደብተር ተቀምጠዋል። ከጠረጴዛው ጀርባ እስከ ጣሪያው የሚደርስ የብረት መደርደሪያ ቆሟል። ክፍሉ ውስጥ ያለው የደንበኛ ወንበር አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው በረንዳው ላይ ነው፤ ጋሽ በሪሁን ሁለት ተዋዋዮችን አንድ ላይ አስቀምጦ አያናግርም ነበርና።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤቱ ፈቲያ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ ጋሽ በሪሁን ከመደርደሪያው ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። መስኮቱ ረግፏል። ወለሉ ላይ አራት ድንጋይ አለ። ከውጭ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ደራርቱ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት ተያዘች። ጠዋት ከክፍሉ ስትወጣ የታየችው የመጨረሻ ሰው እሷ ነበረች።

ኢንስፔክተር መኪያ ከሰበታ ቡራዩ የደረሰችው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የላኳት በሰው እጥረት ነው፤ የቡራዩ መርማሪዎች ሁሉ በተቃውሞ ሰልፉ ምክንያት መንገድ ላይ ነበሩ። የጣቢያው ኃላፊ ኮማንደር መኮንን ቆሞ ነው ያናገራት።

«ጉዳዩ ግልጽ ነው። ሰልፈኛ ወረወረ፣ ሽማግሌው ሞተ። ልጅቷ ከነሱ ጋር ናት። ዓርብ አሥር ሰዓት ፋይሉ ከሁከቱ መዝገብ ጋር ወደ ላይ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እኔም አንቺም አናገኛትም።»

«እስከዚያ ድረስስ?»

«እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ያንቺ ናት።»

ከእሷ ጋር የተመደበው ሳጅን ወንዲ የቡራዩ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል አፉ ላይ ነው። አስከሬኑ ገና አልተነሳም ነበር። መኪያ ተንበርክካ ወለሉን ለሃያ ደቂቃ ያህል መረመረች።

«ወንዲ፣ መስታወቱ የት ነው ያለው?»

«በየቦታው ነው እንጂ፣ ኢንስፔክተር።»

«ከደሙ በላይ ነው ወይስ በታች?»

ወንዲ ጎንበስ አለ። «በላይ። ኮቱም ላይ አለ። እዚህ ደረቱ ላይ።»

«ሰው ቆሞ ሳለ መስታወት ቢረግፍበት ደረቱ ላይ ተኝቶ አይጠብቀንም። ሲረግፍ እሱ ወድቆ ነበር፤ ደሙም ፈሶ ነበር። ድንጋዮቹ ላይ ደም የለም። የመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ግን አለ፤ ፀጉርም አለ።»

«ሰልፉ እዚህ ያለፈው አራት ሰዓት ከሃያ ነው። እኔ ራሴ እዚያ ጋ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ከአራት ሰዓት ከሃያ በፊት ሞቷል።»

«ሰልፈኛው ነፃ ወጣ ማለት ነው!»

«ሰልፈኛው ወጣ። ልጅቷ ግን ገባች። እዚህ የነበረችው ከዚያ በፊት ነው።»

ደብተሩን ከፈተችው። ጋሽ በሪሁን ቅጠሎቹን በገዛ እጁ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። በአንዱ በኩል የሰጪው ቃል፣ በሌላው በኩል የተቀባዩ ቃል ሰፍሯል። ከ211 ወደ 213 ይዘላል። 212 ተቀዷል፤ የቀረው ስፌቱ ላይ ያለው የተቀደደ ጠርዙ ብቻ ነው።

ፈቲያ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ሳትጠየቅ መናገር ጀመረች።

«ልጅቷ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። ወዲያው ጮኸችባቸው። ‹የአባቴን እግር የሰበርከው አንተ ነህ!› አለቻቸው። በስመአብ አልልም እንጂ ልል ምንም አልቀረኝም። ጋሼ ሰው የሚመቱ ሰው አይደሉም! ዝንብ እንኳ የሚያባርሩት በወረቀት ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝም። ብዙ ቆየች። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስትወጣ ኮፒ ስንት ነው ብላኝ አለፈች።»

«ሰው ገድላ ነው የኮፒ ዋጋ የጠየቀችሽ?»

«እኔ እንጃ! ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹ እየመጡ ነው ሲባል ዘግቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ያየሁት ሬሳ ነው።»

ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ሃምሳ ደቂቃ ማንም አላየም። መኪያ ጻፈችው፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ደራርቱ ሰበታ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ጣቢያው የምርመራ ክፍል ውስጥ ስትገባ አልተቀመጠችም።

«የአባትሽን እግር ማን ነው የሰበረው?»

«ማንም! ነገሩ እኮ እሱ ነው። አባቴ መሬቱን ኤርምያስ ለሚባል ደላላ በስጦታ ሰጥቷል ይላል ወረቀቱ። ለምን ሰጠ? ከላይ ታሪክ ጽፈውለታል፤ እግሩ ተሰብሮ ሦስት ወር ኤርምያስ ስላስታመመው ነው ይላል። አባቴ እግሩ ተሰብሮ አያውቅም። ኤርምያስ እቤታችን ውሃ ጠጥቶ አያውቅም።»

«አሻራስ?»

«የአባቴ ነው። የማዳበሪያ ፎርም ነው ብለው አስነኩት።»

«ጋሽ በሪሁን ዘንድ ለምን ሄድሽ?»

«ከአንቀጾቹ በፊት እንዲህ ያለ መነሻ የሚጽፈው እሱ ነው አሉኝ። ሰኞ ወረቀቱን ወስጄ ተውኩለት፤ ነገ ነይ አለኝ። ማክሰኞ ሄጄ ሰደብኩት። እሱ አልተቆጣም። ‹ተቀመጪ፤ እውነቱን ከመጀመሪያው ንገሪኝ› አለና ደብተሩ ላይ ጻፈ።»

«ምን ብለሽ ነገርሽው?»

ልጅቷ የመኪያን የደንብ ልብስ ከኮሌታው እስከ ቁልፉ አየችው።

«ለአንዱ ነገርኩ፤ ሞተ። ሁለተኛ አልናገርም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ረቡዕ ጠዋት መኪያና ወንዲ ኤርምያስን ሰበታ ውስጥ በጅማ መንገድ ዳር አገኙት። መኪናው የፊት መስታወት የለውም።

«ማክሰኞ? ማክሰኞማ እኔ ራሴ ተጎጂ ነኝ!» አለ። «እዚህ መንገድ ላይ መኪናዬን ሰባበሩብኝ። አራት ሰዓት ላይ የእናንተው ጣቢያ ቀርቤ አመልክቻለሁ። ማኅተም አለው።»

ማኅተሙ ነበረ። መኪያ የራሷን ጣቢያ ደውላ ጠየቀች። ተረኛው ሰዓቱንም ሰውየውንም አስታወሰ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር በዚያ ሰዓት ከሰበታ ቡራዩ መድረስ የሚችል መኪና አልነበረም።

«በስጦታ ያገኟቸውን መሬቶች ውል ያሳዩኝ።»

ኤርምያስ ሳቅ አለ። «ኢንስፔክተር፣ የገበሬ መሬት አይሸጥም። ስጦታ ሲሆን ግን ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። ስጦታ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱ እላዩ ላይ ይጻፋል።»

«ምክንያቱን አንብበውታል?»

«መነሻውን? እሱን ማን ያነባል? ጌጥ ነው። እኔ የማነበው አንቀጽ ሦስትን ነው፤ ካሬውን።»

ሰባት ውል አወጣ። ሦስቱ የቡራዩ፣ ሁለቱ የሰበታ፣ ሁለቱ የሱሉልታ ናቸው። መኪያ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸውና የመጀመሪያውን መስመር ከሰባቱም አነበበች። «በሐምሌ ወር 1999 ዓ.ም. ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተሰብሮ ለሦስት ወር በተኛሁ ጊዜ፣ ውል ተቀባይ እንደ ልጅ ሆኖ ስላስታመመኝ…»

«ሰባት ሰው፣ አንድ እግር፣» አለ ወንዲ። «ያ ሐምሌ ጭቃው ልዩ ነበር ማለት ነው።» ከዚያ አንዱን ውል ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ኧረ እኚህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ! የቀድሞ ወታደር ናቸው። ቀኝ እግራቸው በ1982 ነው የተቆረጠው። በ1999 የተሰበረው እንጨቱ ይሆን?»

ኤርምያስ አልሳቀም።

«ማነው የጻፈው?» አለች መኪያ።

ኤርምያስ ዓይኑን ወደ ውሎቹ መለሰ። «በሪሁን።»

ከሰዓት በኋላ ቡራዩ ተመልሰው የጋሽ በሪሁንን መደርደሪያ ፈተሹ። በየዓመቱ አንድ ደብተር አለ። የ1999ኙ ላይ ያው ስብራት ተገኘ። የሺወርቅ የምትባል መበለት ለእህቷ ልጅ ለያኔት ቤት ስትሰጥ የተጻፈ ነው። በአንዱ በኩል አሮጊቷ ስለ እግሯ ትናገራለች። በሌላው በኩል ልጅቷ ለብቻዋ ተጠይቃ ያንኑ እግር፣ ያንኑ ወር፣ ወጌሻው የተጠቀመበትን የሸምበቆ ብዛት ሳይቀር ትናገራለች። ከሥሩ «ይስማማል፤ ውሉ ይጻፍ» ይላል። በሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ስለ ሌሎች ሰዎች «አይስማማም፤ አልጽፍም» ይላል።

የሰባቱ ስጦታዎች ስም ግን በአንድም ደብተር ውስጥ አልነበረም።

መኪያ ደብተሩን ዘጋች። ሽማግሌው ሰባቱን ውል ከደብተር ውጭ በስውር ጽፏቸው ከሆነ አጭበርባሪ ነበር፤ ደራርቱም ለመግደል ምክንያት ነበራት። እሱ ካልጻፋቸው ግን ሌላ ሰው መነሻውን ወስዶበታል። ማስረጃው ለሁለቱም እኩል ይመዝናል። በሁለቱም ሚዛን ላይ ግን የምትቀመጠው ያቺው ልጅ ናት።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ እንደሆነ ጠፍቶብኛል፣» አለ ወንዲ።

«እኔም ጠፍቶብኛል። የሟቹን ስልክ አምጣው።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ በሪሁን የደወለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሱሉልታ ላለው ለዓባይነህ። ዓባይነህ ዘጠኝ ዓመት ረዳቱ ነበር። በመስከረም ወጥቶ የራሱን ቢሮ ከፍቷል።

ሐሙስ ጠዋት ዓባይነህ ገና ሲያያቸው ዓይኑ እንባ ሞላ። ንጹሕ ክፍል ነው። አዲስ ኮምፒውተር፣ ሁለት የደንበኛ ወንበሮች ጎን ለጎን። ሸበጥ ተጫምቷል፤ ተረከዙ ላይ ጥጥ ተለጥፏል።

«አዲስ ጫማ ልጦኝ ነው፣» አለ፣ ስታየው አይቶ።

«ጋሽ በሪሁን ሰኞ ደውሎልዎት ነበር።»

«ሐሙስ ና አለኝ። ዛሬ መሆኑ ነው።» ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። «ለምን እንደፈለገኝ እንኳ አላወቅኩም።»

«አንድ ነገር ያስረዱኝ። መነሻ ለምን ይጻፋል? ጌጥ ነው የሚሉ አሉ።»

«አንቀጽ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። መነሻ ለምን እንደሚደረግ ይናገራል። ሁለት ሰዎች በአንቀጹ ሲጣሉ፣ ሲጀመር ምን አስበው ነበር ተብሎ የሚታየው እሱ ነው። ጋሽ በሪሁን ለአንድ መነሻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኛ ሌሎቻችን…» እጁን አወናጨፈ። «ደንበኛ አይጠብቅም።»

«ማክሰኞ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። መንገድ ተዘግቶ የት ይኬዳል?» ከመሳቢያው ታኅሣሥ 5 ቀን የተጻፈ ውል አወጣ። ማሪቱ የተባለች ባለሱቅ ለወንድሟ ልጅ ለእስራኤል ሱቅ ሰጥታለች። «ኮፒውን ይውሰዱት።»

መኪያ ኮፒውን ሚኒባስ ፌርማታው ላይ ቆማ ከመነሻው ጀምራ አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው። ከዚያ ወንዲን የማሪቱ ሱቅ የት እንደሆነ እንዲጠይቅ ላከችው።

እትዬ ማሪቱ ሱቋ ውስጥ ስኳር ትመዝን ነበር።

«እትዬ፣ ውሉ ላይ ያለው ታሪክ የእርስዎ ነው?» አለችና መኪያ አነበበችላት። «‹በ2001 ዓ.ም. በሬ ግራ ጎኔን ወግቶኝ ለአሥራ ሰባት ቀን በተኛሁ ጊዜ ስላስታመመኝ…›»

ሴትዮዋ ማንኪያውን አስቀመጠች። «በሬ? እኔን? ልጄ፣ እኔ ከሥጋ ቤት ውጭ በሬ አጠገብ ቆሜ አላውቅም!»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

«ስሜ ትክክል ነው። ሱቁ ትክክል ነው። ልጁ ትክክል ነው። ላይ ላዩን ማን ያነባል?»

«መቼ ነው የፈረሙት?»

«ትናንት ነዋ፤ ረቡዕ። እኔ ከገና በኋላ ይሁን ብዬው ነበር፤ እሱ ራሱ እያነከሰ መጥቶ ዛሬውኑ እንጨርስ አለኝ። ማክሰኞማ ሱቄ ዝግ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ዝግ ነበር።»

ሲመለሱ ወንዲ እንጦጦ ዳገት ላይ ወደ መኪያ ዞረ። «ቀኑን ዋሽቷል፤ እሺ። ግን እኔ ሰነፍ ጸሐፊ ነኝ፣ ቀን ተሳሳትኩ ቢለንስ? ደግሞ ይሄ በሬ ከየት መጣ?»

«እሱን የሚያውቅ አንድ ሰው ሊኖር ይችላል። ላይኖርም ይችላል።»

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ መኪያ ኮፒውን ፖስታ ውስጥ አሸገችው። እሽጉ ላይ ኮማንደር መኮንንን አስፈረመችና ፖስታውን እሱ ኪስ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ደራርቱን አስጠራች። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቷ አደረገች።

«ጋሽ በሪሁን ያንቺን ቃል የጻፈበት ቅጠል ተቀዶ ተወስዷል። እዚያ ላይ ምን እንደነበረ አልነግርሽም፤ እኔም አላውቅም። በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቁት አንቺና የቀደደው ሰው ብቻ ናችሁ። ዝም ካልሽ የሚያውቀው እሱ ብቻ ይሆናል።»

ልጅቷ እስክሪብቶውን አነሳች።

«በኦሮምኛ ልጻፍ?»

«በፈለግሽው።»

ስድስት መስመር ጻፈች። ወንዲ ቆሞ እየተረጎመ አነበበ፤ በመጀመሪያ በፍጥነት፣ ከሁለተኛው መስመር በኋላ ቀስ ብሎ።

«‹አባቴ ኦቦ ዲሪርሳ እግሩ ተሰብሮ አያውቅም። በ2001 የወጋው የገዛ በሬው ቦራ ነው። የወጋው ግራ ጎኑን ነው። አሥራ ሰባት ቀን ተኛ። ያስታመመችው እናቴ ናት። ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አላስታመመውም።›»

ኮማንደር መኮንን ፖስታውን ከኪሱ አወጣ። ፊርማውን አየ፤ ቀደደው፤ መነሻውን በዓይኑ አነበበ። ቀና ሲል ወደ መኪያ ሳይሆን ወደ ልጅቷ ነበር ያየው።

«ዓመቱ ያው ነው፣» አለ። «ጎኑም ያው ነው። አሥራ ሰባቱ ቀንም።»

«የበሬው ስም ብቻ ቀርቷል፣» አለች መኪያ። «ሱሉልታ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ቡራዩ ካለው ደብተር በቀር ከየትም አያገኘውም። ቅጠሉ ደግሞ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ገና እየተጻፈ ነበር።»

«ግን ሰው ገድሎ የሟቹን ጽሑፍ ውል ላይ ይለጥፋል? ጤነኛ ነው?»

«እሱን ነገ እጠይቀዋለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ዓባይነህ አልሮጠም። መኪያ የማሪቱን ውልና የደራርቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠችለት። አነበባቸውና ወረቀቶቹን መልሶ ገፋቸው።

«ልገድለው አልሄድኩም፣» አለ። «ሰኞ ሲደውል ‹የየሺወርቅን እግር ለስንት ሰው አከፋፈልከው?› አለኝ። ማክሰኞ መንገዱ ሳይዘጋ በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ። ልጅቷ እስክትወጣ፣ ጎረቤቷም ዘግታ እስክትሄድ ማዶ ቆሜ ጠበቅኩ። ‹ኤርምያስ አመጣልኝ፤ እኔ ጻፍኩለት› አልኩት። ‹ልጅቷ የተናገረችውን አስፍሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ ያንተን ቃል ተናገር፤ በጀርባው እጽፋለሁ› አለኝ። ይገባዎታል? እንደ ደንበኛ! ቅጠሉን ያዝኩ። እሱም ያዘ። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«መደርደሪያው ጋ ወደቀ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ለመመለስ መኪና አልነበረም። በእንጦጦ ጀርባ በእግሬ ነው የመጣሁት። እየመሸ ነው የገባሁት።»

«ቅጠሉን ለምን አላቃጠሉትም?»

«አቃጥዬዋለሁ። ግን በፊት… ማክሰኞ እዚህ እንደነበርኩ የሚያሳይ ውል ያስፈልገኝ ነበር። ስጦታ ነው፤ መነሻ ይፈልጋል። እግሩን እንዳልጽፍ ልጅቷ ደርሳበታለች። ሌላ አልነበረኝም።» እጆቹን አየ። «ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስሠራ በረንዳ ላይ ያለውን ሰው ‹ቆይ፣ ተራህ አልደረሰም› የምለው እኔ ነበርኩ። አንድም ቀን ሰው አናግሬ መነሻ ጽፌ አላውቅም። ማንም አያነበውም ብዬ ነው።»

ወንዲ ካቴናውን አወጣ። በዚህ ጊዜ ቀልድ አልመጣለትም።

ኤርምያስ በዚያው ቀን ቃሉን ለወጠ፤ ሰባቱም ውሎች ከዓባይነህ እጅ እንደወጡ ፈረመ። የኦቦ ዲሪርሳ መሬት በሌላ ፋይል እንዲታይ ተመራ፤ ፋይሉ ቁጥር አገኘ እንጂ ገና አልተከፈተም። ኮማንደር መኮንን የደራርቱን ስም ከሁከቱ መዝገብ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘ፤ ጎኑ ላይ ፈረመ። ልጅቷ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ከሃያ ገብታ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ወጣች። በማረፊያ ክፍሉ መዝገብ ላይ የቆይታዋ ርዝመት ሰባ አምስት ሰዓት ተብሎ ተሞልቷል።